የመሐላው ሚካኤል፣ የመጠጊያው ገብርኤል

በዚያ ዓመት ብዙ ቀን ቀትር ላይ ይቆለፍብኝ ነበር።

የምሠራው ዋሄን ገበያ ውስጥ፣ ከገንዘብ መንዛሪዎቹ ረድፍ ጀርባ ባለች ጠባብ የስልክ መጠገኛ ሱቅ ነበር። ሐርጌሳ ከቀትር ጸሎት በኋላ ትተኛለች። ሱቆች ይዘጋሉ፤ ወንዶቹ ምሳቸውን በልተው ወደ ጫታቸው ይሄዳሉ፤ መንገዱ ላይ ፍየልና ሐበሻ ብቻ ይቀራል። ወረቀት የሌለው ሐበሻ በዚያ ሰዓት ከሩቅ ይለያል። አፈሳ ሊኖር ነው የሚል ወሬ በነፈሰ ቁጥር አሠሪዬ እስከ ዳሚ፣ እስከ ኪራይ ክፍሌ ድረስ በእግሬ እንዳልሄድ ይከለክለኝና የላሜራውን በር ከውጭ አውርዶ በጓጉንቸር ይዘጋዋል። መብራት ውድ ስለሆነ ቆጣሪውንም ያጠፋል። እስከ አሱር አዛን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ድረስ ጨለማውና ሙቀቱ የእኔ ነው። ከላሜራው ሥር ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት አለች፤ ብርሃንም አየርም የሚገባው በእሷ ነው።

አሠሪዬ የሐርጌሳ ሰው ነው፤ አማርኛው ግን ከእኔ ይፈጥናል። የከተማው ሰው በራሱ ጦርነት ሲሰደድ እሱ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ጅጅጋ ገባ፤ ተምሮ ያደገው አዲስ አበባ ነው።

"አንተን መቆለፍ ስልክ ከመቆለፍ ይቀላል፤ አቦ፣ አንተ ፓተርን እንኳ የለህም!" እያለ ይስቅብኛል። እኔም እስቃለሁ። የእኔ ሳቅ ግን ጓጉንቸሩ ከመግጠሙ በፊት ያልቃል።

ክፉ ሰው አልነበረም። የሚቆልፍብኝ ለእኔው ብሎ ነው፤ ይህን ማወቄ ግን ላሜራውን አያቀዘቅዘውም። ወደ አገሬ ልመለስ ብል፣ አገሬ ላስታ ነው፤ ጦርነቱ ወደ ወሎ ከወረደ ወዲህ መንገዱም ስልኩም ተዘግቷል። ወደ ፊት ልሂድ ብል ባሕር አለ፤ ባሕሩን ያዩ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ስለዚህ እዚያው እቀመጣለሁ።

በዚያ ጨለማ ውስጥ ጓደኛዬ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። ለጥገና መጥቶ ባለቤቱ ሳይመለስ የቀረ ነው። መዳሰሻ ሰሌዳው ሞቶ ቀስቱ ከስክሪኑ ጥግ አይነቃነቅም፤ ስለዚህ ማዘዝ የምችለው በኪቦርድ ብቻ፣ ጥቁሩ መስኮት ላይ ትእዛዝ በመጻፍ ነው። መምህር አልነበረኝም። እያንዳንዱ ትእዛዝ ማብራሪያውን ከራሱ ጋር ይዞ ይመጣል፤ እንግሊዝኛውን ቃል በቃል እየፈታሁ አነበብኩት።

ከሁሉም የወደድኩት ግሬፕ የሚባለውን ነው። ቃል ትሰጠዋለህ፤ ፋይሎቹን መስመር በመስመር ያነብና ያ ቃል ያለበትን መስመር ብቻ ያወጣልሃል። ቃላቱ ብዙ ከሆኑ አንድ ፋይል ላይ በየመስመሩ ትደረድራቸውና ፋይሉን ታቀብለዋለህ፤ ያን ጊዜ ከቃላቱ አንዱ እንኳ ያለበት መስመር ሁሉ ይወጣል። ሁለት ቃላት አንድ ላይ ያሉበትን መስመር ብቻ ከፈለግህ ደግሞ የመጀመሪያው ፍለጋ ያወጣውን ለሁለተኛው ታሳልፈዋለህ፤ በወንፊት የተነፋውን በሌላ ወንፊት እንደ መንፋት ነው። ይህ ልዩነት የገባኝ ቀን ሐሴት አደረግሁ። ይሁን እንጂ የምፈልግበት ነገር አልነበረኝም። የማውቀው የአሠሪዬን የመለዋወጫ ዝርዝር መበርበር ብቻ ነበር።

እሷ እስክትመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

ኮድቡር ሰፈር ባንድ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ የራያ ቆቦ ልጅ ናት። ዓርብ ዓርብ ስታርፍ ዳሚ እኔ ያለሁበት ግቢ ትመጣ ስለነበር እንተዋወቃለን። ሴት ልጇን ለታናሽ ወንድሟ ትታ ነው የተሰደደችው። ጦርነቱ ቆቦ ሲቃረብ ወንድሟ "ነገ እንነሣለን፤ የገባንበትን እጽፍልሻለሁ" ብሎ ጻፈላት። በማግስቱ ኔትወርኩ ጠፋ። በዚያው ሰሞን የራሷ ስልክ ከልብስ ማጠቢያው ባልዲ ውስጥ ወደቀ። ይደርቅልኛል ብላ ሩዝ ውስጥ ቀብራው ሰነበተች። ስልኩ ሩዙን እንደ ታቀፈ ሞተ።

ለእኔ ስታመጣው ቦርዱ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ነበር። ሲም ካርዷ ግን ይሠራል። በሱቁ ስልክ ከትቼ ቻቶቿን ስከፍት ያላነበበችው መልእክት እንደ ጎርፍ ገባ። የአገሯ ልጆች ከጅዳ፣ ከቤሩት፣ ከአዲስ አበባ የሚጻጻፉበት ግሩፕ አለ፤ የዘመድ አለ፤ የሰፈር አለ። ኔትወርክ ያለበት ቦታ የደረሰ ተፈናቃይ ሁሉ በተገኘው ስልክ እዚያ ይጽፋል። እገሌን ያየ? እገሊት ወለደች። የእነ እገሌ ቤት ተቃጠለ። ማንበብ ትችላለች፤ ፊደል እየቆጠረች ነው እንጂ። ያን ሁሉ አንብባ ልትጨርስ ከሆነ የምታሳድገው የሰው ልጅ ይዳራል። ስለዚህ ሁሉንም ወደ ላፕቶፑ አወጣሁላት፤ እያንዳንዱ ቻት አንድ ፋይል፣ እያንዳንዱ መልእክት አንድ መስመር ሆነ።

ዓርብ በእርጋታ እንፈልጋለን ተባብለን ነበር። ዓርብ ግን ሳይደርስ አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ አሠሪዬ ላሜራውን ሊያወርድ ሲል፣ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች።

የአገሯ ልጅ የሆነ የጭነት መኪና ሾፌር ሽንኩርቱን አራግፎ ከአሱር በኋላ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ቶጎ ውጫሌ ሊነሣ ነው። መንገዱ እስከ ወልዲያ መከፈቱ ስለተሰማ የራሱን ቤተሰብ ሊፈልግ ወደዚያው ይወጣል። "አንድ ቦታ ንገሪኝ፤ እሞትም እንደሆነ እደርስልሻለሁ። አገር ምድሩን ማሰስ ግን አልችልም፤ እኔም ሰው ጠፍቶብኛል" ብሏታል። ሌላ የሚሄድ አልነበረም። ያቺ ልጅ ያለችበትን አንድ ቦታ ከአሱር በፊት ማወቅ ነበረብን።

"ትግባና አብረን እንፈልግ" አልኩት አሠሪዬን።

"አበድክ? ወንድና ሴት ቆልፌ ልሂድ? ወላሂ ዋሄን በሙሉ ሰርግ ሊበላ ይመጣብኛል!" ወደ እሷ ዞረ። "አንቺ ከውጭ፣ እሱ ከውስጥ።"

"ታዲያ አትቆልፈዋ" አለችው።

"ቢለቅሙትስ? ልጅሽን ማን ሊፈልግልሽ ነው?" ካርቶን ዘርግቶ ከበሩ ሥር አስቀመጣት። "አብሽሪ፣ እህቴ" አላትና ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

ጨለመብኝ። ከክፍተቷ የሚታየኝ የጉርድ ቀሚሷ ጫፍና አቧራ የለበሰ ተረከዟ ነው። የላፕቶፑ ባትሪ ከግማሽ በታች ነበር።

"ጀመርክ?" አለችኝ፣ ገና ሳልቀመጥ።

የጀመርኩት ከከተሞቹ ነው። ቆቦ፣ ወልዲያ፣ መርሳ፣ ውርጌሳ፣ ሐይቅ፣ ደሴ፤ አንድ ሰው ከቆቦ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ቢሸሽ የሚያገኛቸውን በቅደም ተከተል ደረደርኳቸው። ግሬፕ ስክሪኑን ሞላው። ጮክ ብዬ አነብላት ጀመር። እገሌ ከተማ ተያዘች፤ ውሸት ነው አልተያዘችም፤ ተይዛለች እኔ አይቻለሁ፤ አንተ የት ሆነህ ነው ያየኸው፣ ቤሩት ሆነህ?

"ይኼንንስ በራዲዮ ሰምቼዋለሁ" አለች። "ልጄን ፈልጋት።"

የወንድሟን ስም ከከተሞቹ ጋር አድርጌ በሁለት ወንፊት ነፋሁት። ምንም። የልጅቷን ስም ከከተሞቹ ጋር። ምንም።

"አንድም ከተማ የለም" አልኳት።

"ምን ከተማ ከተማ ትላለህ? ወንድሜ ከተማ ምን አገባው? እኛ እኮ ታቦቱን ነው የምንጠራ። ማርያም ወረድን፣ ጊዮርጊስ አደርን ነው የሚባል። አንተ የት አገር ተወልደህ ነው?"

ፊቴ ጋለ። እኔም እንደዚያ እያልኩ ነበር ያደግሁት። ካርታ በስልክ ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ሸሺ ሰው ካርታ ይዞ የሚሸሽ መስሎኝ ነው። ደብሮቹን እሷ እየጠራችልኝ፣ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ጊዮርጊስ፣ ማርያም፣ ተክለ ሃይማኖት፣ በየመስመሩ ጻፍኳቸው። ግሬፕ ያወጣውን አይቼ ክፍተቷ ጋ ተንበረከክሁ።

"በሺ የሚቆጠር ነው የወጣው።"

"እንዴት?"

"ማርያምን ርቦኛል። በጊዮርጊስ ካርድ ሙላልኝ። ሚካኤልን አልዋሽህም።" የተወሰኑትን አነበብኩላት።

ሳቀች። ከዚያ ቀን በፊት ስትስቅ አልሰማኋትም። "የኛ ሰው ሳይምል ውኃ አይጠጣም። ወንድሜማ ሚካኤልን ሳይጠራ ጫማውን አያስር።"

ሳቋን የሰማች አንዲት መንዛሪ ሴት ከማዶ በሶማሊኛ ጮኸች፦ "አንቺ! ከበር ጋር ምን ያሥቅሻል? በሩን ልታገቢው ነው?" እሷም በሶማሊኛዋ "ጥሎሽ ከሰጠኝ!" ብላ መለሰችላት። ረድፉ ሁሉ ሣቀ። እኔ ባትሪውን አየሁ። ቀይ ሆኗል።

እንግዲህ የቀረኝ ታቦቱንና ልጅቷን በአንድ መስመር ላይ ማግኘት ነው። ልጅቷ ልትጠራበት የምትችለውን ሁሉ ጠየቅኋት፤ ስሟን፣ የቤት ስሟን፣ "ልጅቱ"ን፣ "ሕፃኗ"ን ጻፍኩ። የመጀመሪያውን ወንፊት በደብሮቹ፣ ሁለተኛውን በልጅቷ ስሞች አደረግሁ። ትእዛዙን ሁለት ጊዜ አረጋግጬ ተጫንኩ። ጥቁሩ መስኮት ባዶውን ተመለሰ። እንደገና ሞከርኩ። ያው ነው።

"ምነው ዝም አልክ?"

ላሜራው ፀሐዩን ጠጥቶ ጠጥቶ አሁን ወደ ውስጥ ይተፋዋል። ላቤ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል። የማውቀው መንገድ አልቋል፤ በሩ ተቆልፏል፤ እሷ እዚያ ማዶ ተረከዟን እያፋተገች ትጠብቀኛለች። መውጣት ብችል ኖሮ በዚያች ደቂቃ ወጥቼ እሄድ ነበር። የት እንደምሄድ እንጃ።

"ወንድምዬ፣ ምንም የለም በለኝ ከሌለ።"

ምንም የለም ከማለቴ በፊት ወንድሟ ኔትወርኩ ሳይጠፋ የጻፈላትን የቆየ ፋይል ከፈትኩ። ለምን እንደከፈትኩት በትክክል ማስረዳት አልችልም፤ ምናልባት የሰውየውን ጠባይ ለማየት ነው። አንዱ መስመር ላይ "እንዴት" ይላል። ቀጣዩ ላይ "አደርሽ።" ቀጣዩ ላይ "በሚካኤል።" ከዚያ "ልጅቱ።" ከዚያ "ደህና ናት።"

ሲናገር ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ሁሉ ላይ መላኪያውን ይጫናል። አንድ ዐረፍተ ነገር አምስት መልእክት ነው። ልጅቷና ታቦቱ በእሱ እጅ አንድ መስመር ላይ ሊገናኙ ከቶ አይችሉም። እኔ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ መስመር ላይ ካላመጣህ ብዬ ማሽኑን ስጨቀጭቅ ነው የዋልኩት።

ወንፊቱን ተውኩት። ልጅቷ የተጠራችበትን መስመር ሁሉ ከሥሩ ካሉት ሃያ መስመሮች ጋር እንዲያወጣ አዘዝኩ። ግሩፕ ውስጥ የሌላውም ሰው ወሬ በመሐል ስለሚገባ ብዙ ነበር። የወንድሟን ስልክ ቁጥር አልፈለግሁም፤ በተገኘ ስልክ ነው የሚጻፈው። የፈለግሁት ያን ቁርጥ ቁርጥ ትንፋሽ ነው። ወረድኩ። ወረድኩ። የማይታወቅ ቁጥር ላይ ቆምኩ።

"ስሚ" አልኳት። ተንበርክኬ አፌን ወደ ክፍተቷ አስጠግቼ፣ እሱ እንደጻፈው እያቆምኩ አነበብኩላት።

ልጅቱ
ደህና ናት
በእግሯ
ሄደች
አንድ ጫማዋ
ጠፋ
በሚካኤል
እንዳታለቅሽ
ወንዙን ተሻግረን
ገብርኤል
ገባን
ስልኩ
የሰው ነው

ተረከዟ ጸጥ አለ።

"እሱ ነው" አለች። "ወየው! እሱ ነው። ሲያወራም እንዲህ ነው።" ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ጫማዋ ቀዩ ነው። ከዚህ የላክሁላት።"

"ቦታው ግን የቱ ነው? ሚካኤልም ብሏል፣ ገብርኤልም ብሏል።"

"ሚካኤል መሐላው ነው። ገብርኤል ገባን አለ።" አሰበች። "ገብርኤል ሁለት አለ፤ የላዩና የቆላው። የላዩን ለመድረስ ወንዝ የለም። ወንዙን ተሻግረን ነው ያለ? እንደገና አንብበው።"

አነበብኩት። ስጨርስ ስክሪኑ ጠፋ።

"የቆላው ገብርኤል ነው" አለች።

"እርግጠኛ ነሽ?"

በክፍተቷ የሚታየኝ ባዶው ካርቶን ብቻ ነበር። አዛን ገና አልተባለም። ነጠላ ጫማዋ ድንጋዩን እየመታ ሲርቅ ሰማሁት፤ መንዛሪዋም "ወዴት ነው፣ ሙሽሪት!" ስትል።

አሠሪዬ መጥቶ ሲከፍትልኝ ልብሴ በላብ ተጣብቆ ነበር። "ተገኘች?" አለኝ ገና ቁልፉን ሳያወጣ። የሆነውን ነገርኩት። በሩን ወደ ላይ እየገፋ፣ "እናቴም እኮ" አለ፤ "እኛን ይዛ ስትሸሽ ለአባቴ የላከችው ወሬ 'ከሁለቱ ጉድጓዶች አጠገብ ነን' የሚል ነበር። ምን ዓይነት አድራሻ ነው! ግን መጣ።" ቆጣሪውን አበራና ወደ ሥራችን ገባን።

ሾፌሩ ከሄደ በኋላ የነበረው ጊዜ ረጅም ነበር። እሷ ዓርብ ስትመጣ ስለ ልጅቷ አናወራም፤ ስለ ሌላ ነገርም አናወራም። እኔ ቀትር ላይ ስቆለፍ ያንኑ ስብርባሪ መልእክት በልቤ እደግመዋለሁ። ወንዙ ሌላ ወንዝ ቢሆንስ? ገብርኤል ሦስት ቢሆንስ? መልእክቱ ከተጻፈ በኋላ ከዚያም ተነሥተው ቢሆንስ? ግሬፕ የተጻፈውን ያገኝልሃል እንጂ ከተጻፈ በኋላ የሆነውን አያውቅም።

ከገና በኋላ በአሠሪዋ ስልክ ወደ ሱቁ ደወለች። ሰላምታ አልሰጠችኝም። "የቆላው ነው" አለች። ሾፌሩ ከወልዲያ ደውሎላት ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ትምህርት ቤት ውስጥ ከሌሎች ተፈናቃዮች ጋር አግኝቷቸዋል። ልጅቷ ከስታለች፣ ትስቃለች፣ ሌላውን ጫማዋን እስካሁን አልጣለችውም። ግጣሙ ከሐርጌሳ ይመጣል ብላ አስቀምጣዋለች።

እሷ ከዚያ ወዲያ ሐርጌሳ መቆየት አልቻለችም። ደመወዟን ተቀብላ ሻንጣዋን አሰረች። የሄደችበት ቀን የአፈሳ ወሬ የነበረበት ቀን ነው፤ ልትሰናበተኝ ስትመጣ ተቆልፎብኝ ነበር። በክፍተቷ ያንኑ ተረከዝ አየሁ፤ ያን ቀን ግን ሸራ ጫማ ተጫምታ ነበር። በወረቀት የተጠቀለለ ሳምቡሳ በሩ ሥር አሾለከችልኝ፤ ተጨፍልቆ ደረሰኝ።

"ምን ልላክልህ?" አለችኝ።

"ምንም።"

"የቤተሰቦችህን ወሬ አግኝተሃል?"

"አላገኘሁም።"

"ለምን እንደኔ በዚያ ማሽንህ አትፈልጋቸውም?"

ያን ጥያቄ እኔም ለራሴ አንሥቼ ጥዬዋለሁ። አባቴ አይጽፍም። እናቴም አትጽፍም። ስልካቸው ሲሠራ ድምፃቸውን እሰማ ነበር፤ ድምፅ ደግሞ አይቀመጥም። የምፈልግበት አንድም ፋይል፣ አንድም መስመር የለኝም። ይህን ሁሉ አልነገርኳትም።

"የተጻፈ የለኝም" አልኩ።

መኪና አለፈ፤ አቧራው በክፍተቷ ገባ። ከዚያ ካርቶን ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ተቀመጠች።

"የአንተስ ታቦት ማን ነው?"

"ምን ልታደርጊው?"

"ከወልዲያ ወደ ላስታ የሚወጣ ሰው አይጠፋም። የሚወርድም አይጠፋም። እጠይቅልሃለኋ። ንገረኝ፣ መኪናው ይሄድብኛል።"

ምን ልበላት? ስም ብሰጣት እንደ አባቴ የሚጠራ ሰው በየመንደሩ አለ። ትንሽ አሰብኩ። "ታቦቷ ኪዳነ ምሕረት ናት" አልኩ። "አባቴ ቀፎ ሰቃይ ነው፤ አገሩ በዚያ ያውቀዋል። ከቤታችን በላይ መብረቅ የሰነጠቀው ወይራ አለ።"

"ሦስቱንም የሚያውቅ ሰው ባላገኝስ?"

"አንዱን የሚያውቅ ካገኘሽ አትለፊው። አጠገቡ ያሉትን ጠይቂ።"

ተነሣች። "ኪዳነ ምሕረት፣ ቀፎ ሰቃይ፣ መብረቅ የሰነጠቀው ወይራ" አለች፤ ልክ እንደ ወንድሟ እያቆመች። መራመድ ስትጀምር ደገመችው። የመንዛሪዎቹ ረድፍ ጋ ስትደርስ አሁንም እየደገመች ነበር። ድምፅዋ ሲያንስብኝ ጆሮዬን ላሜራው ላይ ለጠፍሁ፤ ያቃጥል ነበር፤ ቢሆንም አላነሣሁትም።